የሦስተኛው ቀን መርፌ

«ቁም!» አለች ፈዲላ፤ መርፌ የያዘውን እጅ አንጓው ላይ ጨብጣ። «ምን እንደሆነ ሳልሰማ አንዲት ጠብታ አትገባበትም።»

የጤና መኮንኑ አንዳርጋቸው እጁን ለማስለቀቅ አልታገለም። በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ የተኛው ባሏ ሀሚዱ የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የግራ እጁ ጣቶች ብቻቸውን ይንቀጠቀጣሉ። ከትናንት ወዲያ ከአምባሰል ተራራ የወረደ ነፋስ ጀልባውን ገልብጦበት ጓደኞቹ ከውሃ ሲያወጡት ትንፋሽ አልነበረውም። ደረቱን ሲጫኑት ቆይተው ነፍስ ዘራ። በማግስቱ ስሟን ጠራ፤ አጥሚት ጠጣ፤ «መረቤስ?» ብሎ ጠየቃት። መርፌ የተወጋውም ያን ቀን ነው። ዛሬ፣ በሦስተኛው ቀን፣ አንደበቱ ተያዘ።

ባለፈው ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ተዋጊዎች ከተማዋን ሲይዙ የጤና ጣቢያው ሌላ ሠራተኛ ሁሉ ሸሽቶ አንዳርጋቸው ብቻ ቀርቷል። ቁስለኞቻቸውን አከመ ይባላል። ሲወጡ የኦክስጅን ማሽኑን ጭነው ሄዱ፤ እሱን ግን አልነኩትም። ለምን አልነኩትም? ፈዲላ ከጠዋት ጀምሮ ስታብላላው የዋለችው ይህንን ነው።

«አትመኚው ብዬ ነግሬሽ ነበር» አለ በሩ ላይ የቆመው የባሏ ታላቅ ወንድም ኑርሁሴን። «ሚሊሻዎቹን ልጥራ?»

«ቆይ።» ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ባዶ ብልቃጥ በጥርሷ ፈታ ለአንዳርጋቸው አሳየችው። «ትናንት ይኼን ነው የወጋኸው። ከመወጋቱ በፊት ደህና ነበር። ወላሂ፣ ደህና ነበር!»

«እሱ ለሳንባው ነው፤ ውሃ ገብቶበት ነበር» አለ። «የአንጎሉ ጉዳት የጀመረው ከዚያ በፊት ነው፤ አየር ያጣ ጊዜ።»

«አየሩማ ተመለሰለት! ያናገረኝ ማን ነበር ታዲያ?»

«ተመልሶለታል። ግን አንጎል አየር ሲያጣ የሚሞተው ሁሉ ያኔውኑ አይሞትም። እንደ ቁስል ውስጥ ውስጡን ይቆጣል። ሰውነቱ ራሱ የተጎዳውን ልጥረግ ብሎ ኢንዛይም የሚባል ነገር ይለቃል። ያ ነገር የሞተውን ከዳነው አይለይም፤ ደህናውንም ይበላል። የሚታየው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ነው።»

«የገዛ አካሉ ነው የሚበላው ትለኛለህ?»

«የገዛ አካሉ ነው።»

መርዝ ነው ቢላት ይቀላት ነበር። መርዝ የሰጪ እጅ አለው፤ እጁን ይይዙታል።

«ይኼኛው መርፌስ?»

«እንቅጥቅጡን ያበርዳል እንጂ የሞተውን አይመልስም። እንቅጥቅጡ በቆየ ቁጥር ደግሞ የተረፈው ይጎዳል። ደሴ ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና እንዲመጣ ልኬያለሁ፤ እስኪመጣ ግን…»

ሳይጨርስ የሀሚዱ ጀርባ እንደ ደጋን ተወጠረ። ጥርሱ ተፋጨ፤ አልጋው ከግድግዳው ጋር ይጋጭ ጀመር። ኑርሁሴን «ያ አላህ!» ብሎ ወደ ውጭ ዞረ። ሚሊሻ ሊጠራ ይሁን ማየት አቅቶት ይሁን፣ አላወቀችም።

የያዘችውን እጅ ለቀቀች።

«ውጋው። ግን እያየሁህ ነው።»

መርፌው ሲገባ ዓይኗ የነበረው ሀሚዱ ላይ ሳይሆን አንዳርጋቸው ፊት ላይ ነው። አፍንጫው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እጁ ግን አልሳተም። ጥቂት ቆይቶ አልጋው ጸጥ አለ።

ኑርሁሴን ብቻውን ተመልሶ ገባ። «አመንሽው?»

«አላመንኩትም» አለች። «ሲዋሽም ግን አላየሁት።»

ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሀሚዱ ዓይኑን ገለጠ። መኪናው ገና አልደረሰም። አንዳርጋቸው መዋጥ ይችል እንደሆን ጉሮሮውን አይቶ፣ በትራስ ቀና አድርጎ አስቀመጠውና «ውሃ በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ» ብሏት ወጣ።

ፈዲላ ውሃውን ወደ አፉ አቀረበች። ሀሚዱ ከንፈሩን ገጠመ። ማንኪያውን አየ፤ ከዚያ እሷን፣ ገበያ መሃል የማያውቁት ሰው ሲጠጋ እንደሚታየው፣ ከላይ እስከ ታች አያት።

«እኔ ነኝ እኮ፤ ፈዲላ።»

ራሱን ወደ ግድግዳው አሸሸ።

ቀስ ብላ ማንኪያውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችና ውሃውን ፊት ለፊቱ ዋጠችው። አፏን ከፍታ ባዶነቱን አሳየችው። እንደገና ቀድታ ዘረጋችለት።

ሀሚዱ ጉሮሮዋን ሲያይ ቆየና ከንፈሩን በጥቂቱ ከፈተ።