በእህቱ ስም

ብፅዓት ኑሮዋ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ቢሆንም የእንግሊዝ ዜጋ ነበረች። እንግሊዝ ውስጥ ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚያው በድሮ ከተማቸው የቀረው ታናሽ ወንድሟ ቃለጽድቅ ወክሏት ድምፅ ይሰጥላታል። በምርጫው ማግስት ባቡር ስትጠብቅ ደወለችለት።

"የተወዳደረችው ጠበቃችን ለጥቂት ተሸነፈች አሉ፤ እውነት ነው?"

"አዎ። እኔ ሰውዬውን ነው የመረጥኩት። ባንቺም ስም።"

"ስደተኛ ይባረር የሚለውን?"

"በዛ እኮ፣ እትዬ! የሚከራይ ቤት እንኳ ጠፋ።"

"አንተን ሊያባርሩህ ሲሉ ተሟግታ ያስቀረችህ እሷ አይደለችም እንዴ?"

"እሱን መች ረሳሁ? ጠዋት ደውዬ አጽናንቻታለሁ። ሁለታችንም እንደመረጥናት ስነግራት ደስ አላት።"

ባቡሩ መጥቶ በሩን ከፈተ። ብፅዓት አልተሳፈረችም። ስልኩን ዘጋችበትና ወደ ጠበቃዋ ደወለች።