የደከመው ባትሪ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ቅንብሩን ሁሉ ረስቶ ተነሳ። የጥገና ባለሙያዋ አንድ በአንድ እየመለሰች የዲስኩ አሠራር ጋ ስትደርስ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ከሳተች ማሽኑ ራሱን ልጠግን እያለ ግማሽ ሰዓት ይበላል።

"እህቴ፣ ሐኪሙ የነፍሰ ጡሯን የደም ውጤት ሳላይ ቢላ አላነሳም ብሏል" አለች ነርሷ ከበሩ። "እሷ ደግሞ አስር ደቂቃ እንኳ የላትም።"

"ቅንብሩን የሚይዘው ባትሪ ሞቷል። መድከሙን አይቶ ያለፈው ሰነፍ እጁ ይቆረጥ!"

ፍንጭ ባገኝ ብላ የኮምፒውተሩን ክዳን በካቻቪቴ ፈታችው። በውስጥ በኩል ቅንብሩ በሙሉ በእርሳስ ተጽፏል፤ የዲስኩም አለ። እንደተጻፈው መርጣ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ጠቁሮም ቆየ፤ ከዚያ በራ። ውጤቱ ከማተሚያው ሲወጣ ነርሷ መንትፋው ሮጠች። "የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ!" የሚል ድምጿ ከኮሪደሩ ተሰማ።

ባለሙያዋ ክዳኑን ልትመልስ ስታነሳው ከታች የቀረውን መስመር አነበበች፦ "ባትሪው ደክሟል፤ ነገ እቀይረዋለሁ።" ቀኑ የዛሬ አራት ዓመት ነበር፤ የእጅ ጽሑፉም የራሷ። ክዳኑን አስቀምጣ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።