ከመናኸሪያው ፊት ያለች ሻይ ቤት

ክልሉ ገና ተቋቁሞ አሶሳ ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን፣ ዐፊፋ የምትባል ሴት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ትሸጥ ነበር። ከመንዲ የመጣም ከኩርሙክ የመጣም ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ደጅ ነው።

ባሏ ጀዕፈር ጫኝና አውራጅ ነበር። ጆንያ ወድቆበት ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ እግሩ አይታዘዝለትም። ጠዋት አቅፋ አውጥታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ማታ አቅፋ ታስገባዋለች። እሱን ትታ ርቃ መሥራት አትችልም።

አንድ ቀን ዳምጠው የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከደጋ ተመድቦ መጣ። ሜትር ይዞ መንገዱን ሲለካ ሰነበተ። ሻይ ሊጠጣ በገባበትም የዐፊፋን በር ስፋት፣ የመግቢያውን ደረጃ ከፍታ ለካ።

«ጋሼ፣ ከቤት በምንድን ነው የሚወጡት?» ሲል ጀዕፈርን ጠየቀው።

«በሚስቴ» አለ ጀዕፈር።

ዐፊፋ ልቧ ፈራ። የሰው ቤት የሚለካ እንግዳ ለደግ አይመጣም።

ብዙም ሳይቆይ ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ዳምጠው ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ዐፊፋ የምታውቀው የሻይ አማርኛ ነው፦ ስኳር ይጨመር፣ ይበቃል፣ መልስ። ከንግግሩ «ሱቅ ከታች፣ መኖሪያ ከላይ» የሚል ያዘች። «በእግር» የሚልም ያዘች። ከዚያ መሐንዲሱ ወደ እሷ እየጠቆመ «ይፈርሳል» አለ። የቀረው አመለጣት።

አጠገቧ ነጋዴው ሞላ ተቀምጧል። በሰፈራ ዘመን በልጅነቱ መጥቶ እዚያው ያደገ ነውና የእሷን ቋንቋ በርታኛን ከተወላጁ እኩል ይናገራል።

«ምን አለ?» አለችው።

«ቤትሽ ይፈርሳል አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላው የመንገድ ነገር ነው።»

በማግስቱ መሐንዲሱን መንገድ ላይ ያዘችው። ሞላ ሊያስተረጉምላት አብሯት መጣ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ የት ይሄዳል? ባሌ መራመድ የለም» አለችው በዚያችው አማርኛዋ።

ዳምጠው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ተናገረ። ቤቷ የቆመበትን መሬት ደጋግሞ አሳያት። ቃል እንደሚገባ ሰው ፊቱ ቅን ነበር።

ሞላ ወደ እሷ ዞረ። «እዚህ ቦታ ላይ አትቀሪም ነው የሚለው።»

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አላት።  ጀዕፈር አይቶ አይቶ፣ «እኔን እህቴ ዘንድ ጣይኝ፤ ብቻሽን ከሆንሽ የትም ሠርተሽ ታድሪያለሽ» አላት። ዐፊፋ ጓዳ ገብታ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች።

መላውን ያመጣላት ሞላ ነው። «ጀዕፈርን የመሐንዲሱ ቢሮ ደጅ አስተኚው። ሹሞቹ ሲያዩት ያፍራሉ» አላት። አይሱዙውንም ሰጣት።

የጀዕፈር የድሮ ባልደረቦች ከነአልጋው ተሸክመው ጫኑት፤ ቢሮው በር ላይም አወረዱት። ዝናብ ጣለ። ዐፊፋ ላስቲክ ይዛ ከራስጌው ቆመች። የገበያ ሴቶች ሰምተው መጡና ከጭቃው ላይ ተቀመጡ። የሚገባም የሚወጣም ሹም በአልጋው ላይ ተራምዶ ማለፍ ሆነበት።

በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ወጥቶ፣ «የመሐንዲሱ ፕላን ቀርቷል፤ ሰውየውን ከዝናብ አስገቡት» አለ።

ዳምጠው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል ሻንጣውን ይዞ በዐፊፋ ደጅ አለፈ። ጀርባዋን ሰጠችው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የጀዕፈርን እጅ ጨበጠ፤ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ አልቻልኩም» ብሎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

ዐፊፋ ያን ዕለት ቤቷን በአዲስ ጭቃ ለቀለቀች። ለሞላ ዱዓ አደረገች። እህልም ወረደላት።

ጥቂት ሰነበተና የመንዲው መስመር ሾፌር ሁንዴሳ ሻዩን ጠጥቶ ተነሳ፤ እንደ ሌላው ቀን ግን ቶሎ አልሄደም። በተሰባበረ በርታኛው፣ ቃል እየፈለገ አናገራት።

«እንግዲህ ደህና ሁኚ ዐፊፋ፤ የመሐንዲሱ ፕላን ስለቀረ ከነገ ጀምሮ መናኸሪያው ከከተማ ውጭ፣ የሞላ መሬት ላይ ነው፤ ይህን ቤት አፍርሶ እዚሁ ቦታ ላይ ሻይ ቤት ሊሠራልሽ፣ መናኸሪያውም ከደጅሽ እንዳይነሳ ሲሟገትልሽ የነበረው ያ ያባረርሽው ልጅ ነበር።»