የጓድ ቀነዓ ኩሬ

ጓድ ቀነዓ የሚንቃቸው ሰዎች ቢሰለፉ ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ አይበቃቸውም። ገበሬው ለሱ ኋላቀር ነው፣ ነጋዴው ስግብግብ፣ ጴንጤው የፈረንጅ ተላላኪ። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን ጥያቄ የሚጠይቀውን ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጋ ከመልካሳ ወዲህ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር ተመድቦ ነበር። ሥራው «ሁለገብ የወንዝ ጠለፋና የውኃ ማጠራቀሚያ ፕሮጀክት» ለአካባቢው የሚሰጠውን ጥቅም ሕዝቡን ማስተማር ነው። ስሙ እንዲህ ይርዘም እንጂ ነገሩ አንድ ኩሬ ነው። ከላይ ካለው ወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚወርድ ውኃ ይገባበታል ተብሎ የተቆፈረ። ቀነዓ ጠለፋው ዘንድ አንድ ቀን እንኳ ደርሶ አያውቅም። ሽቅብ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ጫማው ደግሞ አዲስ ነው።

ኩሬው ሞልቷል ብሎ ግን በገዛ ፊርማው ለአውራጃው ጽፏል። የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፤ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ሁሉ ካማረ ቀነዓ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል። ካላማረ አሻጥረኛ ይባላል፤ በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ ቤቱ በሰላም ያደረ ሰው የለም።

ስለዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አገሩን በሙሉ አዳራሽ ውስጥ ይሰበስባል። የቀረ ይታሰራል።

«መስኖ አንድ፣ የከብት ውኃ ሁለት፣ ዓሣ ሦስት» ይላል በጣቱ እየቆጠረ። «መልካሳ በሉ፣ ወንጂ በሉ፣ ናዝሬት በሉ፣ ሁሉም አትክልት የሚበላው ከዚህ ኩሬ ነው።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ገርባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። አንድ ቀን ሎሚ የምትባል ሴት እጇን አወጣች።

«ጓድ፣ እኛ እኮ እስከ ዛሬ አዋሽ ወርደን በጀርባችን ነው የምናመጣው። ከኩሬው የምንቀዳው መቼ ነው?»

«ሲመረቅ። እስከዚያ ማንም አይነካውም። አገሪቱን ወደ ኋላ የጎተታት ይሄ ያንቺ ዓይነቱ ችኮላ ነው።»

እንደ ሰው የሚያዳምጠው የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ብዙነህ ብቻ ነው። ብዙነህ ጴንጤ ነው፤ ምሳ ሲቀርብ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፣ ቀነዓም በሆዱ ይስቅበታል። ቢሆንም ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ ብድግ የሚለው እሱ ነው። «ጓድ፣ የዓሣውን ነገር እንደገና ቢያብራሩልን።» ቀነዓ እንደገና ያብራራል። ሌላ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሰዉ ብዙነህን በግልምጫ ያነሳዋል።

አንድ ነገር ግን ቀነዓን ይከነክነው ጀመር። ኩሬው ጠዋት ጠዋት ይጎድላል። ማታ ውኃው የነበረበት እርጥብ መሥመር ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

«ፀሐዩ ነው ጓድ» አለው ብዙነህ ዓይኑን ሳያነሳ። «አፈሩም አሸዋ ነው።»

ቀነዓ የሚታለል ሰው አይደለም። ኩሬው ዳር የከባድ መኪና ዱካ አይቷል፤ ሲገባ ጠልቆ የሄደ፣ ሲወጣ ሳሳ ያለ። መኪና ምን ይሠራል እዚህ?

ረቡዕ ዕለት ጉሮሮው ተዘጋና ስብሰባውን በግማሽ ሰዓት በተነው። ብዙነህ ተነሳ።

«ጓድ፣ ስለ መስኖው...»

«ነገ።»

«ትንሽ ብቻ፣ ጓድ።» ፊቱ አመድ መስሏል።

ቀነዓ ጥሎት ወጣና በቀጥታ ወደ ኩሬው ወረደ። አንድ ቀይ የውኃ ቦቴ ዳሩ ላይ ቆሟል። ቱቦው ኩሬው ውስጥ ገብቷል፣ ሞተሩ ይንተከተካል፣ ቦቴው እስከ ግማሹ ውኃ ይዟል። ባለቤቱ ደሊል ይባላል። ናዝሬት ውስጥ ውኃ እያመላለሰ የሚሸጥ የወሎ ልጅ ነው፤ ከብዙነህ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደጉት።

«የሕዝቡን ውኃ ለናዝሬት ሆቴሎች ነው?» አለ ቀነዓ።

ደሊል እየሮጠ የመጣውን ብዙነህን አየው። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ጥፋተኛ ነኝ ጓድ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር ሆነ። እርስዎ በሚያስተምሩበት ሰዓት ነው የምመጣው።»

«አሃ። ዓሣው ለዚህ ኖሯል» አለ ቀነዓ ወደ ብዙነህ ዞሮ። ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ደሊል ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት፤ የቦቴው ቁልፍ ቀነዓ ኪስ ገባ። መሐንዲሱን እንዳያስር ለእንግዶቹ ቦዩን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ የሱ ሒሳብ ከምርቃቱ በኋላ ይወራረዳል።

ብዙነህ ቢሮው ድረስ ተከተለው። «እኔ ልታሰር። እሱን ግን ከነመኪናው እስከ ምርቃቱ ይልቀቁት። ለእርስዎም ብዬ ነው።»

«ሌባ ፈትቼ ኩሬዬን ጨርሶ ይጠጣልኝ?»

«ጓድ፣ ኩሬው...»

«ስለ ኩሬው አንድ ክፉ ቃል ካፍህ ትውጣና አሻጥረኛ አንተ ነህ።»

ብዙነህ ቤት ውስጥ ልጆች አሉት። በሩን ዘግቶ ወጣ።

ቀነዓ ያንኑ ዕለት ወደ ናዝሬት ለመነሳት ተዘጋጀ። ባንዲራው፣ መፈክሩ፣ የሚያነበው ንግግር፣ ሁሉም ገና ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። መኪናው ውስጥ ሆኖ ኦቦ ገርባን ጠራቸው።

«እንግዶቹን ይዤ እስክመጣ አንድም ሰው ኩሬው ዘንድ ድርሽ እንዳይል። መሐንዲሱም ቢሆን።»

«ቶሌ፣ እሺ ጓድ» አሉ ኦቦ ገርባ።

አውራጃው ጽሕፈት ቤት የሕዝብን ውኃ ከሌባ እንዴት እንዳዳነ ሲናገር ሁሉም አጨበጨቡለት። አንዱ ኃላፊ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ በርሊን ብርድ ስለሆነ ካፖርት እንዳትረሳ አለው። ካፖርቱን በማግስቱ ገዛ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእንግዶቹ መኪኖች ጠብታ ወርዶበት የማያውቀውን ቦይና ዳሩ ላይ እንደተቆለፈ የቀረውን ቀይ ቦቴ አልፈው ተሰልፈው ሲደርሱ፣ ኩሬው መሀል ሁለት አህዮች አቧራ ላይ ይንከባለሉ ነበር።