ማን «ወርደዋል» አለ?

መርዶው የደረሳት ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሻይዋ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። የጥገና ኃላፊው በሩን ሳያንኳኳ ገባና ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«እህቴ፣ ተቀመጪ» አላት።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኮረብታው ላይ አሥራ ሁለቱ የነፋስ ተርባይኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ከሰባት ቁጥር ሥር ሰዎች እንደ ጉንዳን ተሰብስበዋል።

«ከሁለቱ የትኛው ነው?» አለች።

«የአንቺው።»

ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ቤቷ ወሰዷት።

ያን ጠዋት ሰባት ቁጥር ላይ የወጡት ሁለት ናቸው፤ ባሏና የሥራ ጓደኛው ጭራሮ። ጭራሮ የተባለው ከቅጥነቱ የተነሣ ነው። «ነፋስ ሲነሣ በገመድ እሰሩት፣ አለዚያ እሱም መብራት ያመነጫል» ይሉት ነበር።

ባሏ አሥራ አራት ዓመት ያንን መሰላል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። እሷ ገና ለቦታው አዲስ ሳለች፣ እርሳስና ክር ይዞ ሥራውን አስረድቷት ነበር። «እንዝርት አይተሽ የለ? ነፋሱ ክንፉን ይገፋል። ክንፉ ወፍራሙን ዘንግ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ጥርሳጥርሱ ያንን ቀስታ ተቀብሎ ሩጫ ያደርገዋል። ሩጫው ማግኔቱን በመዳብ ሽቦ መሀል ያሽከረክረዋል። መብራት ማለት የተፈተለ ነፋስ ነው፣ በቃ።»

እላይ ሰው ሲኖር ዘንጉን ሁለት ነገሮች ይይዙታል። አንደኛው በእጅ የሚሰካ፣ ክንድ የሚያህል የብረት ካስማ ነው። ሁለተኛው ከመቆጣጠሪያ ክፍል የሚለቀቅ ፍሬን ነው። ሠራተኞቹ ሲጨርሱ ካስማውን ነቅለው ይወርዳሉ፤ እግራቸው መሬት ሲረግጥ በሬዲዮ «ወርደናል» ይላሉ። ፍሬኑ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ቀን ካስማው ተነቅሏል። ጭራሮ ቀድሞ እየወረደ ነበር። ባሏ ግን ገና እላይ ሳለ ዘንጉ ዞረ፤ እጅጌውን ይዞ ጎተተው።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መዝገብ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «4፡50፣ ሰባት ቁጥር፣ ወርደዋል» ተብሎ ተጽፏል። ሬዲዮው ጭራሮ ወገብ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«ለመውረድ ቸኩሎ ነው!» አለች የባሏ ታላቅ እህት፣ ለቀስተኛው መሀል ቆማ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይሄ ወንድሜን አፈሰሰው፤ ማን ይለቅመው?»

ሐዘንተኛዋ እህል አልቀመሰችም። ስልኳን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ለማንም አላሳይም አለች። የመጨረሻው ሚስድ ኮሉ እዚያ ላይ ነበረ። ባሏ ሥራ ጨርሶ በወረደ ቁጥር አንድ ጊዜ ደውሎላት መዝጋት ልማዱ ነው። «ከአለቃ በፊት ሚስት ትሰማለች!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ያን ማክሰኞም ደውሎላታል።

በአምስተኛው ቀን ጭራሮ መጣ። ሴቶቹ በር ላይ ሊመልሱት ሲሉ «ይግባ» አለች።

ከፊቷ ተንበረከከ። «እታለም፣ በእናቴ ሞት፣ ሬዲዮውን አልነካሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ካስማውን ነቅለን መሰላሉ ላይ ነበርን። እኔ ቀድሜ፣ እሱ ከበላዬ። ስልኩን እየነካካ ይሥቅ ነበር። ወዲያው ‹መፍቻዬን ረሳሁት፣ አንተ ቀጥል› ብሎኝ ተመለሰ። እኩሌታውን ሳልወርድ ዘንጉ ሲያጓራ ሰማሁ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ስልኩን ነው ያልከው? እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔ ይፍሰስ!»

«አፈር ብላ!» ጮኸች እህትየው። «ሙት አይመሰክርም ብለህ ነው? ስልክ ገደለው ልትለን?»

ጭራሮ ዓይኑን ከሐዘንተኛዋ አልነቀለም። «ነገ የአደጋ አጣሪው ኮሚቴ ይፈርምብኛል፤ ከዚያ ለፖሊስ ነው። እናቴ ከአልጋ ከወደቀች ሦስት ዓመቷ ነው። የማገላብጣት እኔ ነኝ። አንቺ አንድ ቃል ብትናገሪልኝ...»

እሷ ብብቷ ሥር ያለውን ስልክ አጥብቃ ያዘችው። ጭራሮ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እህትየው ክንዷን ይዛ አመጣቻት። ሰብሳቢው ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«አንቺን ማድከም አንፈልግም፤ ሐዘንተኛ ነሽ። መዝገቡ ራሱ ይናገራል።»

ጭራሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በአምስት ቀን ውስጥ ሸሚዙ ሁለት እሱን የሚይዝ ሆኗል። ሰብሳቢው ብዕሩን ከፍቶ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

እሷ ተነሣች። ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ጭራሮ ምንም አላለም» አለች። «በሬዲዮ ወርደናል ያለ ሰው የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ስልኳን ከብብቷ አውጥታ ከመዝገቡ ጎን አኖረችው። ሰብሳቢው የሚስድ ኮሉን ሰዓት አየ፤ መዝገቡን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ። ብዕሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለሟቹ ነፍስ ጸልዩለት፤ ያን ጠዋት የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ሆና፣ ሚስድ ኮሉን አይታ «ወርደዋል» ብላ የጻፈችውና ፍሬኑን የለቀቀችው ሚስቱ ነበረችና።