የማይጮኸው በር

በከተማው በርን ጓ አድርጎ መዝጋት ከተከለከለ ወዲህ፣ በየቤቱ የበር ማጠፊያ ላይ መቆጣጠሪያ ተገጥሟል፤ በሩን የፈለጉትን ያህል ቢገፉት ቀስ ብሎ፣ እየተሽኮረመመ ይዘጋል።

ሶልያና በተናደደች ቀን ይህ በር ሁለተኛው ጠላቷ ነው። የመጀመሪያው፣ “ሐይቅ ያሰጥማል” ብሎ ከክፍሏ ልጆች ጋር ላንጋኖ እንዳትሄድ የከለከላት አባቷ ነው።

“ሁለተኛ አላናግርህም!” ብላ ክፍሏ ገባችና በሩን ባላት ኃይል ወረወረችው። በሩ ተንቀራፈፈ። አባቷ በክፍተቱ አጮልቆ፣ “የኔ እመቤት፣ ሳይዘጋ ንገሪኝ፣ እራት ምን ይሁን?” አላት።

“አባዬ፣ እኔ እኮ የምሬን ነው!” እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አባቷ ደነገጠ። “በሩ ዝም ሲል አንቺም ንዴትሽን የተውሽው ይመስለኝ ነበር” አለና ካቻቢቴ አምጥቶ መቆጣጠሪያውን ከማጠፊያው ፈታው። “በይ እስቲ፣ አሁን ዝጊው።”

ጓ! ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ሁሉ “ምንድነው? ምን ፈነዳ?” እያለ ወጣ።

ሶልያና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አባቷ ጎረቤቶቹን “የልጄ በር ነው” ብሎ ሸኛቸው። ከዚያም በሩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና፣

“ሶሊዬ፣” አለ በቀስታ፣ “ጉዞው መቼ ነው ያልሽኝ?”