ስርዝ ድልዝ የሌለው መዝገብ

አለምነሽ ዶክተር ምናለን የናቀችው ገና ከጭነት መኪናው ጋቢና ሲወርድ ነው። ዶክተር ሲባል መርፌ ይይዛል፤ ቢያንስ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ይሄ ላፕቶፕ አዝሎ መጣ።

«ኸላስ፣ በቃ! ከፈረንጅ አገር የመጣው ሊቅ ይህ ነው እንግዲህ» አለች በልቧ።

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ጤና ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ይዛለች። ከወንበሯ በላይ «የ1991 ዓ.ም. ምስጉን መዝገብ ያዥ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። አንድ ጊዜ አውሎ ነፋስ የጤና ጣቢያውን ጣሪያ ገፎ ቤቱ ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ መዝገቦቹን በላስቲክ ጠቅልላ ቤቷ ያቆየች እሷ ናት። መንግሥት ቆርቆሮ የላከው አራት ወር ቆይቶ ነው፤ እሱም ለመንግሥት መፍጠን ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ውቤ ነገሩን ባጭሩ አስረዳት። ዶክተሩ ስለ ወባ ቀመር ሠርቷል። ቀመሩ ከጸደቀ፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ለሳሉጉ ሁሉ፣ መድኃኒት የሚሰጠው በዚያ ነው። ቀመሩ የተነሣው ከዚህ ቤት መዝገብ ስለሆነ፣ መዝገቡ እውነት ነው ብላ መዝገብ ያዥዋ መፈረም አለባት።

«እኔ ለማላውቀው ሰው ፊርማዬን አልጥልም» አለች። «ወባ ይገድላል። ቀመሩ ውሸት ቢሆን የሚያልቀው የድሃ ልጅ ነው።»

«ዲግሪዎቹን አይቻለሁ እኮ፣ አለምነሽ።»

«ወረቀትማ ማንም ያመጣል!»

ዶክተሩን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«እሽ፣ ምን ተማርህ?»

«የመጀመሪያ ዲግሪዬ ባዮሎጂ ነው፣ እትዬ።»

«ከዚያ ሕክምና ገባህ።»

«አይ፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ፕሮግራም መጻፍ ራሴን ነው ያስተማርሁ። ኮምፒውተር ስላልነበረኝ መጀመሪያ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ግቢው ኮምፒውተር ላይ እሞክረዋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሱ ሠራሁ።»

«ኮምፒውተር በደብተር! ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ።»

«ሦስተኛው ሁለቱን ያገናኘ ነው። ተውሳኩ ደም ውስጥ እንዴት እንደሚራባ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚከላከል፣ መድኃኒቱ ምን ላይ እንደሚደርስ፣ ሁሉንም አንድ ላይ በሒሳብ እጽፈዋለሁ። ኮምፒውተሩ ያሰላዋል።»

«ስንት የወባ በሽተኛ አከምህ?»

«አንድም።»

«ደም ቀድተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!» ብላ ወደ አቶ ውቤ ዞረች። «ሰማኸው? ደም ሳያይ የደም ዶክተር!»

አቶ ውቤ ጉሮሮውን ጠረገ። ዶክተሩ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አመቻቸ፤ አለመቆጣቱን አልወደደችለትም። እውነተኛ ዶክተር ቢሆን ይቆጣ ነበር።

«ሳሉግንስ ታውቀዋለህ?» አለች። «ክኒኑን ሁለት ቀን ውጦ ሻል ካለው ይጥለዋል። በአሥራ አራተኛው ቀን ና ብለህ ብትቀጥረው፣ ያኔ ሌላ እርሻ ላይ ወገቡን አጉብጦ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀጠሮ የሚያከብር ሳሉግ አላየሁም!»

«አውቀዋለሁ፣ እትዬ። አባቴ ሳሉግ ነበር። ከጎጃም ወርዶ እዚሁ ቆላ ቀረ። ወባ ነው የበላው።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር» አለች፤ በልቧ ግን፣ ሰው ሲይዙት የድሃ ልጅ ይሆናል አለች። «አሳየኝ እስቲ ያንን ሳጥንህን።»

ላፕቶፑን ከፈተ። ቁጥር በቁጥር ላይ ተደርድሯል፤ ስም የለ፣ ሰው የለ። አለምነሽ ውሸቱን የያዘችበት መሰላት።

«ይህ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? ከራስህ ፈጥረህ ነው! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ለፈጠርኸው ነው ሰው የሚሞተው?»

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ፈጥሬው ቢሆን ዶክትሬቴን ይነጥቁኝ ነበር። ቁጥሩ የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«የኔ?»

«የስምንት ጤና ጣቢያ መዝገብ አይቻለሁ። በሽተኛው አንዴ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ሻለው ይሁን ሞተ የሚያውቅ የለም። የሌላው ዓመት የእርስዎም እንደዚያው ነው። የ1991ዱ መዝገብ ብቻ ነው የተለየ። ከመስከረም እስከ ጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ሳሉግ፤ ሁሉም በአሥራ አራተኛ ቀናቸው ተመልሰው፣ ድነው ታይተዋል። ስርዝ ድልዝ እንኳ የለውም። ተማሪ እያለሁ ፎቶ ኮፒው ደረሰኝ፤ ፕሮግራሜን የሠራሁ በሱ፣ ዶክተር የተባልሁ በሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒት አያስፈልግም የሚለውም ቀመር ከሱ ነው የወጣ። እንዴት አድርገው ነው ሁሉንም ያስመለሷቸው?»

አለምነሽ ክው አለች።

«አለ ወይ እንደኛ አለምነሽ!» አለ አቶ ውቤ፤ ጣቱን ወደ ምስክር ወረቀቱ ቀስሮ። «ለዚህ እኮ ነው የሸለሟት!»

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። «አባቴ እርስዎን የመሰለ መዝገብ ያዥ አግኝቶ ቢሆን» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አቶ ውቤ ቅጹንና እስክሪብቶውን ፊቷ አደረገ። ወረቀት ማንም ያመጣል ያለችው ሴት እስክሪብቶውን አነሣች። አንዴ ዶክተሩን፣ አንዴ በመስታወት የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት አየች። ከዚያ ፈረመች፤ እንደ ወትሮው ባማረ ጽሕፈት።

ጣሪያው የተገፈፈው በ1991 መስከረም ነው፤ ያንን መዝገብ የሞላችው ደግሞ ጥር ላይ፣ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ሲባል፣ ቤቷ ደጅ ባለው የሣር ዳስ፣ ራኩባው ሥር ቁጭ ብላ፣ በሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር።